ጊኒር በማን ትስቃለች? የኮሜዲያን ምርጫችን ሲዳሰስ

ጊኒር ውስጥ «ከኮሜዲያኖቻችን ማን ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ክርክር መጫር ነው። ጠና ያለው ሰው ተስፋዬ ካሣን ይጠራል፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። በካሴት ዘመን ያደገው ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን ሳይነጣጥል ያነሳል፤ አጠገቡ «አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ እያሉ!» የሚል ሰው ከተገኘ ሙግቱ ከአቦል ተነስቶ በረካን ያልፋል። የቪሲዲ ትውልድ ክበበው ገዳን ወይም ፍልፍሉን፣ ዩቲዩብ ያሳደገው ደግሞ እሸቱ መለሰን ይመርጣል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ስም አይጠራም፤ ስልኩን አውጥቶ በአፋን ኦሮሞ የሚቀልድ አንድ ወጣት ያሳይና ሳቃችንን ለማየት ፊት ፊታችንን ያያል።

ክርክሩን ሁሉም የዕድሜ ጉዳይ ያደርገዋል። ለእኔ ግን ዕድሜ ብቻውን የሚፈታው አይመስለኝም። ተስፋዬ ካሣን የሚወድ የሃያ ዓመት ልጅ አውቃለሁ፤ በስልክ ቪዲዮ እንባው እስኪፈስ የሚስቅ ጡረተኛም አውቃለሁ። ምርጫችንን የሚለየው ኮሜዲያኑ ሲያስቅ የሚቆምበት ቦታ ነው። ከአድማጩ ጋር ቆሞ የሚያስቅ አለ፤ ከአድማጩ በላይ ወጥቶ የሚያስቅም አለ። ይህ ልዩነት አዲስ አበባ ላለው ሰው ላይታይ ይችላል። ጊኒር ላይ ግን ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ጊኒር የምሥራቅ ባሌ ዞን መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከሮቤ የሚመጣ ሰው በጎሮ አልፎ ይደርስባታል። ደጋውና ቆላው የሚገናኙባት፣ ስንዴው፣ ከብቱና ግመሉ አንድ ገበያ የሚውሉባት ከተማ ናት። ለአብዛኛው ሰው አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የገበያም፣ የቢሮም፣ የብዙ ቤተሰብም ቋንቋ ሆኖ ኖሯል፤ ሶማሊኛም ይሰማል። እዚህ የሚኖር ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ማታ እስኪገባ ድረስ ቋንቋ ሳይቀያይር የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮሜዲያን የአንድን ሰው አነጋገር ሲያስመስል፣ የተመሰለው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው አብሮን ተቀምጧል።

ማይክና መድረክ ሳይመጣም ሰው ይስቅ ነበር። በየሰፈሩ ጨዋታ አዋቂ የሚባል ሰው አለ። ሠርግ ላይ ይፈለጋል፣ በርጫ ላይ ይፈለጋል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘኑ ጠንከር ሲል ሐዘንተኛውን እንዲያጫውት ይጠራል። የኦሮሞው የሂቦ ጨዋታ፣ ማለትም እንቆቅልሹ፣ ልጅና ሽማግሌ እኩል የሚፋጠጡበት የሳቅ ትምህርት ቤት ነው። ባለ መንታ ጫፍ በትራቸውን ይዘው ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙት ምዕመናን በጊኒር ሲያልፉ ከውዳሴው ጋር የመንገዱን ጨዋታም ይዘው ነው። በሰሜኑ በኩል አለቃ ገብረ ሃና አሉ። የፎገራው ሊቅ በአቋቋም ትምህርታቸው ስማቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ሕዝቡ ያስቀረው ግን ቀልዳቸውን ነው። ባሌ ውስጥ እንኳ የአለቃን ቀልድ በአፋን ኦሮሞ የሚያወራ ሰው ታገኛላችሁ፤ ስማቸውን ሳይጠራ፣ የመንደሩ ሽማግሌ የሠሩት አድርጎ።

ኮሜዲያንን የምንመዝነው ከእነዚህ ሰዎች ጋር እያስተያየን ነው። «ይሄ ምኑ ያስቃል? የእኛ ሰፈር እገሌ አይሻልም?» የሚለው አስተያየት እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ጨዋታ አዋቂው የሚያስቀው ፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች ስለሚያውቅ ነው። ማን የት ላይ እንደቆሰለ፣ ማን ምን ቢባል እንደሚከፋው አውቆ በዚያ መሀል ቀልዱን ያሽከረክረዋል። ቴሌቪዥን ላይ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ሊያስቀን ይገደዳል።

ከባሌ ተነስተው አገር ያጫወቱ ሰው ግን ነበሩን። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በ1915 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው። ሴት ተዋናይ መድረክ ላይ ባልነበረችበት ጊዜ የሴት ገፀ ባሕርይ ተጫውተዋል፤ ምትሃት አሳይተዋል፤ ኮሪያ ለዘመተው ሠራዊታችን እዚያው ድረስ ሄደው ትርዒት አቅርበዋል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ42 ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ነግረዋል። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰው ሕዝብ በሳቃቸው ውስጥ ያደገ ሕዝብ ነበር። ኮሜዲያን የሚል ስም ብዙ ጊዜ አይሰጣቸውም። እኔ ግን እሰጣቸዋለሁ። ድምፃቸውን፣ ፊታቸውንና ቁመናቸውን እየለዋወጡ ብቻቸውን ሕዝብ ፊት የሚቆሙ ሰው ነበሩ። የሚያስቁት በራሳቸው ላይ ነበር፤ ጅቡም ጦጣዋም ሞኙም እሳቸው ነበሩ። እሳቸውን ሲያይ የተሳቀቀ ልጅ አላውቅም።

የቲያትሩ ኮሜዲ ሌላ መንገድ ሄዷል፤ እዚህ ብዙ አላቆየውም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ፣ ሹማምንቱን በእንስሳት አስመስሎ ስለተቸ መታገዱ ይታወቃል። ኮሜዲ ወደ አገራችን መድረክ የገባው ከክልከላ ጋር ነው ማለት ነው። በኋላ መንግሥቱ ለማ በጠልፎ በኪሴና በያላቻ ጋብቻ የተማረውንም ያልተማረውንም ሰው እኩል አሳቀ። ባሌ ድረስ የደረሰን ግን ቲያትር ሳይሆን ካሴት ነው።

ካሴቱ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በሁሉም ቦታ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊው ሱቅ። የቀልድ ካሴት እንደ ዘፈን ካሴት ይሸጥ ነበር፤ ሲያረጅም እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። አለባቸውና ልመነህ፣ ደረጀና ሀብቴ ያመጡልን ጭውውት ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንዱ ጠያቂ አንዱ መላሽ፣ አንዱ አዋቂ አንዱ የዋህ። እንግዳዘር ነጋ ደግሞ ቀልዱን በዜማ ያመጣው ነበር። ተስፋዬ ካሣ ከእነዚህ የሚለየው ብቻውን በመቆሙ ነው። የሚመልስለት ሰው የለም፤ ጥያቄውንም መልሱንም፣ ዝምታውንም ራሱ ይዞታል። ዛሬ ስታንድ አፕ የምንለውን ብዙ ሰው መጀመሪያ ያየው በእሱ ነው። ጠና ያሉት ሰዎች ለእሱ ያላቸው ፍቅር የወጣትነት ናፍቆት ብቻ አይደለም። ቀልዱን የሚያስኬደው በእርጋታ ነው፤ ሰውን ለማሳቅ አይቻኮልም፤ አድማጩ ራሱ እንዲደርስበት ጊዜ ይሰጠዋል። ክበበው ገዳ ተቃራኒው ነው። በፍጥነት ያወርደዋል፣ አንዱን ሳትጨርሰው ሌላው ይደርስብሃል፤ ሆድህን ይዘህ «ቆይ!» ትላለህ። ሁለቱንም እወዳለሁ። ምረጥ ብባል ተስፋዬን እመርጣለሁ፤ ቀልዱ ካለቀ በኋላም አብሮኝ ይቆያል።

ከዚያ ዘመን ቀልድ ያልተመቸኝን አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በካሴቱም በበዓል ፕሮግራሙም ላይ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሰው ነበር፤ አማርኛ የሚሰብር ባላገር። አንዳንዴ ጉራጌ ነው፣ አንዳንዴ ጎጃሜ፣ አንዳንዴ ትግሬ፤ እጅግ ብዙ ጊዜ ግን ኦሮሞ ነው። ከተማ ይመጣል፣ ቢሮ ይገባል፣ ሴቷን «አንተ» ይላታል፣ ወንዱን «አንቺ» ይለዋል፣ ሕዝቡም በሳቅ ይፈርሳል። ብዙ ኮሜዲያኖች ተጠቅመውበታል፤ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ የዘመኑ ልማድ ነበር።

ለምን እንዳልተመቸኝ የሚያሳየው ከሮቤ ወደ ጊኒር ስመለስ በቅጥቅጥ መኪና ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ሾፌሩ የድሮ ቀልዶችን በፍላሽ ጭኖ ከፍ አድርጎ ከፍቶታል። ጎሮን እስክናልፍ መኪናው ሁሉ እየሳቀ ነበር። ያ ባላገር ሲመጣም ከፊት ያሉት ሳቁ። ከጎኔ ኮፍያ ያደረጉ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል የያዙ አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። አማርኛ እምብዛም አይሰሙም። ሰው ሲስቅ እሳቸውም ፈገግ እያሉ፣ ምን እንዳለ ልጁን በአፋን ኦሮሞ ጠየቁት። ከዚያ በፊት የነበሩትን ቀልዶች ሁሉ እየተረጎመላቸው ነበር፤ አንዱን እንዲያውም ከኮሜዲያኑ አሳምሮ ነው የነገራቸው። ይሄኛው ላይ ግን አፉ ተያዘ። አዛውንቱን አየ፣ መስኮቱን አየ። «ምንም አይደለም አባ፣ ዝም ብለው ነው» አላቸው። በቀልዱ ውስጥ የሚሳቅበት ሰው አነጋገሩ የአያቱ ነው። ያን ለአያቱ እንዴት ብሎ ይተርጉመው?

ለዚህ ቀልድ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። «በሁሉም ይቀለዳል፣ ቤተሰብ ስለሆንን ነው፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ኩርፊያ አብዝቶ ሳቅ ጠፋ» ይላሉ። አንድ የማከብራቸው መምህር እንዲህ ያለውን ቀልድ መከልከል ይበልጥ ያራርቀናል ብለው ያምናሉ። በመከልከሉ እኔም አልስማማም። ግን ቤተሰብ ከሆንን መልስ የመስጠት ዕድሉም የቤተሰብ መሆን ነበረበት። ካሴቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር የሚሄደው። ጊኒር ያለው ሰው አነጋገሩ አዲስ አበባ ላይ ሲሳቅበት ይሰማል፤ የአዲስ አበባው ሰው ባሌ መጥቶ በአፋን ኦሮሞ ሲደናበር ግን ማንም ካሴት አያወጣለትም ነበር።

ዛሬ ይወጣለታል። የአፋን ኦሮሞ አጫጭር ቪዲዮዎች ውስጥ በግ ሊገዛ መጥቶ ቋንቋው የጠፋበት የከተማ ሰው የታወቀ ገፀ ባሕርይ ሆኗል። ጊኒር ላይ ሰው ሲያየው ሳቁ ከልቡ ነው፤ የቆየ ዕዳ የተመለሰለት ይመስለዋል። ይገባኛል። ሆኖም ይህም ቀልድ ከድሮው አይለይም። እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ቤታቸው አማርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችን ያን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየው ነገር መኪናው ውስጥ በዚያ ልጅ ፊት ላይ ከታየው የተለየ አይደለም።

ታዲያ አነጋገር ማስመሰል ሁሉ ይቅር ማለቴ አይደለም። ጥሩውን ከመጥፎው የምለይበት አንድ መንገድ አለኝ፤ አስመሳዩ የሚያስመስለውን ሰው ቋንቋ ያውቃል ወይ ብዬ አዳምጣለሁ። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ አማርኛ ሲሳሳት እንዳሻው አይሳሳትም። በቋንቋው ወንድም ሴትም ሲጠሩ በአንድ ቃል ስለሆነ «አንተ» እና «አንቺ» ይቀላቀሉበታል፤ የባሌው ሰው ግን ድምፁን የሚያነሳበትና የሚጥልበት ቦታ ከወለጋው ይለያል። ይህን የሚያውቅ ኮሜዲያን ሲያስመስል ሰውየው ሕያው ሆኖ ይመጣል፣ ሳቁም ከስሕተቱ አልፎ ሰውየው ወደገባበት ጣጣ ይሄዳል። የማያውቀው ግን ማንም የማይናገረውን አማርኛ ፈጥሮ ይጮሃል። ጊኒር ያለ አድማጭ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይለየዋል። ለዚህ ነው እዚህ ሰው አንዳንድ ዝነኛ ኮሜዲያኖችን «ደረቅ ነው» ብሎ የሚያልፈው፤ ቀልዱ ስላልገባው አይደለም።

ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ኖህ ከማንም በላይ አነጋገር ያስመስላል፤ ዓለምም ይስቅለታል። እናቱ ኮሳ፣ አባቱ ስዊዘርላንዳዊ ናቸው፤ በብዙ ቋንቋ መሀል ነው ያደገው። የሚያስመስላቸውን ብዙዎቹን ቋንቋዎች ይናገራቸዋል፤ በታሪኮቹ ውስጥም ብዙ ጊዜ የሚሸወደው፣ የሚደናገጠው እሱ ራሱ ነው። ትምህርቱ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ብዙ ቋንቋ ያለው አገር ለኮሜዲያን ሀብት ነው፤ ሀብቱን የሚያገኘው ግን ገብቶ የኖረበት ሰው ነው።

በእኛም አገር ራሱን መሀል አስገብቶ የሚናገር ሥራ አለ። በረከት በላይነህ የጻፈውና ግሩም ዘነበ ብቻውን የሚጫወተው እያዩ ፈንገስ ተውኔት ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን እስካሁን ካየሁት የአማርኛ ስታንድ አፕ ሁሉ የበለጠው እሱ ነው። አንድ ዕብድ የሚመስል ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ አገሩን፣ ሹሙን፣ ምሁሩን፣ አድማጩንም ይነካል። ሲነካ ግን ከሁሉም ዝቅ ብሎ ነው። ጫማ የሌለው ሰው ስለ ጫማችን ሲናገር መቆጣት ያስቸግራል። ግሩም ደግሞ በዝምታው የሚያስቅ ተዋናይ ነው፤ ተስፋዬ ካሣን የሚወድ ሰው እሱን ይወደዋል ብዬ አምናለሁ። ፋና ላይ ይታይ የነበረው የበኃይሉ ዋሴ ምን ልታዘዝ ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ አንድ ካፌን አገር አድርጎ ያየንበት ሥራ ነው። ጊኒር ላይ ያኔ ሰው ማታ ማታ ይጠብቀው ነበር፤ ስለ ፖለቲካ ፊት ለፊት የማይነጋገሩ ሰዎች ስለ ካፌው አስተናጋጆች አብረው ያወሩ ነበር።

ሃይማኖትን በተመለከተ የከተማዋ ስምምነት ግልጽ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በእምነቱ መቀለድን አይፈልግም። ስለ ጾመኛ ሆድ፣ ስለ ረመዳን ማፍጠሪያና ስለ ሁዳዴ ሽሮ ግን ሁለቱም እኩል ይስቃሉ። ይህን ድንበር እኔም እጋራዋለሁ፤ ብዙ ልጨምርበት አልፈልግም።

ይልቅ ብዙም የማይወራ አንድ ነገር አለ። አለባቸው ተካ ከጭውውቱ ወጥቶ አለቤ ሾውን ይዞ መጣ፤ የተቸገረን ሰው ከረጂ የሚያገናኝ፣ እንግዳ የሚያናግር ሰው ሆነ፤ በመኪና አደጋ ሲለየንም ሕዝቡ ያለቀሰው ለዚያ ሰው ነበር። ሀብቴ ካረፈ በኋላ ደረጀ ኃይሌን ያየነው በአርትስ ቴሌቪዥን፣ በነገራችን ላይ በሚለው ፕሮግራም እንግዳ ሲያናግር ነው። እሸቱ መለሰም በመድረክ ቀልድ ተዋውቆን ዶንኪ ትዩብን መሥርቶ ጠያቂ ሆነ። የየዘመናቸው ተወዳጅ የሆኑ ኮሜዲያኖች አንድ በር ከፍተው ወጡ፤ በሩም ቃለ መጠይቅ ነው። ሥራቸውን እወደዋለሁ፤ እሸቱ ከልጆች ጋር ሲጫወት አባባ ተስፋዬ ትዝ ይሉኛል። ግን ለምን ሁሉም ይሄዳሉ?

ቀልድ ከዘፈን ጋር አይወዳደርም። ዘፈን መቶ ጊዜ ሲሰማ ይጣፍጣል፤ ቀልድ ሁለተኛው ቀን ላይ ያረጃል። ካሴት በነበረበት ዘመን አንድ ሥራ ዓመት ያኖር ነበር። ዛሬ ኮሜዲያኑ ለበዓል ፕሮግራም ያዘጋጀው ቀልድ በማግስቱ ተቆራርጦ በየስልኩ ይገባል፤ ለሚቀጥለው መድረክ አዲስ ያስፈልገዋል። አዲሱን ግን የት ይሞክረው? ውጭ አገር ያሉት ከትልቁ አዳራሽ በፊት ወራት ሙሉ በትንንሽ ክለቦች እየወጡ፣ ያልሠራውን እየጣሉ፣ የሠራውን እያሳጠሩ ነው አንድ ሰዓት የሚያበጁት። የእኛ ኮሜዲያን የሚያገኘው የዘፋኝ ኮንሰርት ላይ በሁለት ዘፈን መሀል አሥር ደቂቃ፣ ሠርግ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ የድርጅት ምርቃት ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ሰዓት የሚሞክር ሰው የለም፤ የሚታወቀውን፣ በእርግጠኝነት የሚያስቀውን ያወጣል። አነጋገር ማስመሰል ለምን እንደማያልቅ ከዚህ ይገባኛል፤ አዳራሹ ማንም ይሁን ማን ቶሎ ያስቃልና። ቃለ መጠይቅ ሲሆን ደግሞ ታሪኩን ይዞ የሚመጣው እንግዳው ነው፤ ኮሜዲያኑ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ከራሱ ማውጣት አይጠበቅበትም። እነሱን መውቀስ አይቻልም። መድረክ ያልሰጠናቸው እኛ ነን።

መድረክ ፈጽሞ ያላገኙት ግን ሴቶች ናቸው። ስለ ኮሜዲያን ስንከራከር የሴት ስም ሳይነሳ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው። ከተነሳም የሰብለ ተፈራ ነው። በቤቶች ድራማ ላይ ትርፌን ሆና ቤታችን የገባችው ሰብለ በ2008 ዓ.ም. መባቻ በመኪና አደጋ ስታልፍ ጊኒር ላይ እንደ ዘመድ ነው የታዘነላት። የእሷን ዓይን፣ የእሷን ቁጣ፣ የቃላት አጣጣሏን የሚተካ እስካሁን አላየሁም። እሷ ግን ተዋናይት ነበረች፤ ብቻዋን ማይክ ይዛ የምትቀልድ ሴት በቴሌቪዥን ያየንባቸው ጊዜያት ከቁጥር አይገቡም።

ጨዋታ አዋቂ ሴት ስለጠፋ አይደለም። ቡና ላይ ሄዶ መስማት ነው። መኸር በሚሰበሰብበት ወቅት አንዲት ጎረቤታችን ኮምባይነር ስትጠብቅ ያሳለፈችውን ስትናገር ሰምቻለሁ። ስንዴው ደርሷል፣ ደመናው ከብዷል፣ ኮምባይነሩ ከሰው ማሳ አልወጣም። ደላላውን ሆና ስልክ ታነሳለች፤ «ደርሰናል እናቴ፣ መታጠፊያው ጋ ነን» ትላለች፣ ያን ጊዜ ኮምባይነሩ ገና ጋሰራ ነው። ከዚያ ሾፌሩን ትሆናለች፤ ከላይ ሆኖ ሰውን የሚያየው በትከሻው ነው፣ ምሳ ሲቀርብለት ሥጋው አንሶ እንደሆነ ወጡን በእንጀራ ገልጦ ይፈትሻል። ከዚያ ባሏን፤ ለደላላው ቁጣውን ቤት ውስጥ ሲለማመድ ውሎ ደላላው ሲመጣ «ኧረ ችግር የለም ወንድሜ» የሚለውን። መጨረሻ ላይ ራሷን፤ ዝናቡ ሲጀምር ሰማዩን ቀና ብላ የምትደራደረውን። በአፋን ኦሮሞ ጀመረችው፣ ደላላው ሲመጣ አማርኛ ሆነ፣ ከሰማዩ ጋር ስትደራደር ተመልሳ በአፋን ኦሮሞ ነው። ማንም ላይ አልሳቀችም፤ ደላላው እንኳ ቢሰማ ራሱን አይቶ የሚስቅ ይመስለኛል። ሲኒ ያጥቡ የነበሩት ልጆች ሥራውን ትተው ቁጭ አሉ። እንደዚያ ያለ ቀልድ በየትኛውም ጣቢያ ሰምቼ አላውቅም፤ የባሌ ስንዴ በሬዲዮ የሚነሳው በኩንታልና በሄክታር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን የአካባቢ ቀልድ ወደ መድረክ ለማምጣት ኬንያውያን አንድ መንገድ አግኝተዋል። ቸርችል በሚል ስም የሚታወቀው ዳንኤል ንዳምቡኪ ትርዒቱን ናይሮቢ ላይ ብቻ አላቆመውም፤ ወደየአውራጃው ከተማ እየወሰደ ቀረጸው። የኪሱሙና የሞምባሳ ሰው ስለ ራሱ ከተማ ሲቀለድ እዚያው ተቀምጦ ሳቀ፤ ያላስቀውንም በዝምታው ነገራቸው። ኮሜዲያንን የሚያርመው ይህ ዝምታ ነው። ቅጥቅጡ ውስጥ የነበረው ዝምታ ለማንም አልደረሰም፤ ቀልዱ የተቀረጸው ሩቅ ነው፣ የሳቀው አዳራሽም ሌላ ነው። አዛውንቱና የልጅ ልጃቸው የፊት ወንበር ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ያ ኮሜዲያን በሚቀጥለው ቀን ያን ቀልድ ይደግመው ነበር ብዬ አላስብም።

ባሌ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ። ሮቤ ላይ መደወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከመላ አገሪቱ የመጡ ተማሪዎች አሉት፤ ጎባም ጊኒርም የትምህርት ቤትና የስብሰባ አዳራሽ አላቸው። ወንበሩ ፕላስቲክ ቢሆን፣ ማይኩ የሠርግ ማይክ ቢሆን ግድ የለም። ከአዲስ አበባ አንድ ታዋቂ ኮሜዲያን ሲመጣ ከፊቱ ሦስትና አራት የአካባቢው ሰው ይውጣ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ታዋቂው ሕዝብ ይጠራል፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ ምን እንደሚያስቀን ያስተምረዋል።

በስልክ የሚቀልዱት የሮቤና የጊኒር ልጆችም የሚጎድላቸው ይሄው ነው። ጎበዞች ናቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቋንቋ ሲያገላብጡ ስፌቱ አይታይም፤ ከእነሱ በፊት የነበረ ማንም ኮሜዲያን ይህን አላደረገልንም። ቪዲዮው ግን ግማሽ ደቂቃ ነው፤ የሚያስቀው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካልመጣ ጣት ያሳልፈዋል። ስለዚህ ይወድቃሉ፣ ይጮኻሉ፣ ዱቄት ይደፋባቸዋል፤ አንዱ የሠራውን አሥሩ ይደግሙታል። አንደኛውን አግኝቼው ረዘም ያለ ነገር ለምን እንደማይሠራ ጠየቅሁት። ጽፎ ያስቀመጠው ሃያ ደቂቃ የሚሆን ሥራ እንዳለው ነገረኝ፤ ስለ አያቱና ስለ ከብት ገበያ ነው። ለጓደኞቹ አንብቦላቸዋል። ሰው ፊት ቆሞ ለመናገር ግን አዳራሽ ስንት እንደሚከራይ ጠይቆ፣ ዋጋውን ሰምቶ ተመልሷል።